ተወላጅ ቀማሽ

፫

አንደኛውንና ሁለተኛውን አትፈልጉ፤ ነፋስ ወስዷቸዋል። ድንኳኑ በአንድ በኩል ክፍት ነው፣ የምጽፈው ደግሞ በፌስቲቫሉ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ነው። ቁጥር መስጠት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቢበታተን እንኳ የሚለቅመው ሰው በተራ እንዲያስቀምጠው ብዬ።

በሄዱት ላይ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። በዚህች ከተማ ጠላ ጠምቄ እሸጣለሁ። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የሌላ ሴት ጠላ በመዳፌ ተቀብዬ እቀምሳለሁ፤ ወይም አልቀምስም።

ሴትየዋ ደብሪቱ ትባላለች። ከፊት ለፊቴ ጋኗን ተደግፋ ተቀምጣለች። አንነጋገርም።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ብጽፈው እዚያ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስላችኋል።


፬
የአገር ማለት (የመጀመሪያው ትርጉም)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ያፌት ነው።

ያፌት ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ የአባቱን ጋራዥ ቢራ መጥመቂያ ያደረገው ልጅ ነው። በርሜሎቹ ከማብረቅረቃቸው የተነሳ ፊቴን አይቼባቸዋለሁ፤ አወፍረው ነው የሚያሳዩኝ። በከተማው ያለነውን ጠማቂዎች፣ የጠላውንም የጠጁንም የአረቄውንም፣ ሰብስቦ ማኅበር እንመሥርት ያለው እሱ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። አጎቱን ጋሽ መኳንንትን ሊቀ መንበር አደረግናቸው። ትልቁ ጠጅ ቤት የሳቸው ነው፤ ቀብር አይቀሩም፣ ሠርግ አይቀሩም፣ የተጣላ ያስታርቃሉ።

"ሰው ዛሬ የሚፈልገው የአገር የሆነ ነገር ነው" አለን ያፌት። "'የአገር ጠመቃ' የሚል ምልክት እናውጣ። ምልክቱ ያለው በፌስቲቫሉ ይሸጣል፣ የሌለው አይሸጥም።"

የአገር ማለት ምን ማለት ነው? ተባለ።

ጌሾ።

ጌሾው በከተማዋ ዙሪያ የበቀለ ከሆነ ጠላውም ጠጁም የአገር ነው ተባለ። እጄን አወጣሁ። ዛሬም ቢሆን ለዚያኛው አወጣለሁ፤ ከሩቅ በመኪና የሚመጣው ጌሾ ግማሹ እንጨት ነው። ያፌት የሚጠቀምበት የቢራ ጌሾ ግን በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ በታሸገ ከረጢት። "የኔስ ቴክኖሎጂ ነው" አለ። ሳቅን። ከሁላችንም በላይ የሳቀችው ደብሪቱ ነበረች።


፭

ደብሪቱን ለማታውቋት።

ከወንዙ ማዶ ናት። የጭነት መኪና ሹፌር አግብቷት መጣች፣ ሹፌሩ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ወደ አገሯ ለምን አልተመለሰችም ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ አንድ ጊዜ ጠይቄያት "ምን ልሠራ? ጋኔን ማን ይሸከምልኛል?" ብላኛለች። ያኔ ገና አንድ ጋን ነበራት።

ድምፅዋ ትልቅ ነው። ሰካራም አትወድም። ጠላ ቤት ከፍቶ ሰካራም አለመውደድ እስካሁን አይገባኝም፤ ግን ሦስተኛውን ጣሳ ሲጠይቋት "ቤትህ ውሃ የለም?" የምትል ሴት ናት፣ እነሱም ለዚህ ስድብ ሲሉ ይመለሳሉ። ለጠላዋም ሲሉ ይመለሳሉ። እጅ አላት። እኔ ጠማቂ ነኝና በሌላ ጠማቂ አልቀናም ብል ውሸቴን ነው። ቀንቻለሁ።

ለእናቴ ተዝካር የጠመቀችው እሷ ናት። ካህናቱ ደግመው ጠየቁ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ደግሞ ጠየቀ። ያን ዕለት ከየት ናት ያለ አንድም ሰው የለም።


፮
የአገር ማለት (ሁለተኛው ትርጉም)

ውሃ።

ውሃው ከላይኛው ምንጭ መሆን አለበት ተባለ። የደብሪቱ ቤት ከምንጩ ሥር ነው። አለፈች።


የአገር ማለት (ሦስተኛው ትርጉም)

ጋን።

ጋኑ እዚሁ በከተማዋ ሸክላ ሠሪዎች የተሠራ መሆን አለበት ተባለ። የደብሪቱ ጋኖች ሁሉ የዚሁ ናቸው፤ ከማዶ ያመጣችው ምንም የላትም። አለፈች።

በየስብሰባው አዲስ ትርጉም ይወጣል፣ በየስብሰባው ደብሪቱ ታልፋለች። ያኔ ስለ ጠላ የምንነጋገር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትርጉሙ የሚፈልገው ሰው ነበረው፤ ደብሪቱ እያመለጠችው ነበር እንጂ።


፯
መመሪያ

ወረቀቱ እጃችሁ የገባው ከተሜዎች ከሆናችሁና ጠላ ሲጠመቅ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን እወቁ፤ አለበለዚያ የኋላው አይገባችሁም። በአንቺ ነው የምጽፈው። ወንድም ብትሆን ቻለው።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል እሺው። ደጋግመሽ እሺው።

የወይራ እንጨት አጭሺ፣ ጋኑን ድፊበትና እጠኚው። ጢሱ ወጥቶ ሳያልቅ እንዳታነሺው።

ጌሾውን በውሃ ዘፍዝፊ፤ ብቅሉን ጨምሪ፤ ቂጣውን ቆርሰሽ ጨምሪ። ጠብቂ። ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ሙይበት።

ከዚያ የጋኑን አፍ ከድነሽ በጭቃ ምረጊው፣ አየር እንዳይገባ። ጭቃው እርጥብ እያለ ሦስት ጣትሽን አሳልፊበት። ይህን የሚያዝ ደንብ የለም፣ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን፤ አንዷ በአንድ ጣት፣ አንዷ በአራት፣ አንዷ በመስቀል ቅርጽ። ደብሪቱ በሦስት ጣት ነው።

እስክትከፍቺው ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።


፰
ቅምሻው

ስም ሳይታወቅ ይቀመስ የሚለው ሐሳብም የያፌት ነበር። ብርጭቆዎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ስማችን ከሥር ተለጥፏል። የሆነውን እንዳለ ላስቀምጠው።

ጋሽ መኳንንት፦ (አሸተቱት፣ ጠጡት፣ ደግመው ጠጡት) ቆይ።

ያፌት፦ ምን ሆኑ ጋሼ?

ጋሽ መኳንንት፦ ይሄ የናቴ ነው።

ያፌት፦ እ?

ጋሽ መኳንንት፦ የናቴ እጅ ነው ይሄ። እሷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ አፌ ገብቶ አያውቅም። (እያለቀሱ) የአገር ማለት ምን ማለት ነው ስትሉኝ ነበር አይደል? ይሄ ነው። ከዚህ ሌላ ትርጉም የለም። ጻፉት!

እኔ፦ የማን እንደሆነ ይነበብ።

ያፌት፦ (ብርጭቆውን ተቀብሎ ከፍ አድርጎ ከሥሩ አነበበ) የወይዘሮ ደብሪቱ።

(ጋሽ መኳንንት ብርጭቆው ሲመለስላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።)

ደብሪቱ፦ ታዲያ ይጨርሱት እንጂ ጋሽ መኳንንት! ምነው አስቀመጡት?

አልጨረሱትም። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ደብሪቱን አዩዋት። እኔ ሞኟ፣ ተነስተው ያቅፏታል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። እንግዲያው ደብሪቱ የአገር ናት ማለት ነው፣ ሌላ ምን ማለት ይሆናል ብዬ። በዓይናቸው ያየሁትን ግን አልወደድኩትም። ሰው ፊት ያስለቀሰን ሰው የምናይበት ዓይን ነበር።

"ከየት አመጣችው?" አሉ፤ እሷን ሳይሆን እኛን ነው የጠየቁት።


፱

"ከየት አመጣችው" በሳምንቱ "ማን አሳያት" ሆነ። "ማን አሳያት" ደግሞ "ሰረቀች" ሆነ።

እንዲህ ነው የሚሉት። ይህ ጣዕም የኛ እናቶች ነው። በየለቅሶው፣ በየድግሱ፣ ልርዳ እያለች እየገባች ወሰደችው። የራሷ ቢሆን ኖሮ የማዶ ይመስል ነበር። የኛን መምሰሉ ራሱ ማስረጃው ነው።

ይህን ያለኝ አንድ ሰው አይደለም። የተማረም ያልተማረም ብሎኛል። ታዲያ የኛን ባይመስል ኖሮስ? ብዬ ጠየቅኩ። "እሱማ የአገር አይደለማ!" አሉኝ።


፲
የአገር ማለት (አራተኛው ትርጉም)

ሰው።

ጠማቂዋ ተወላጅ መሆን አለባት ተባለ፤ ተወላጅ ማለት አያቶቿ እዚህ የተቀበሩ ማለት ነው ተባለ። ጋሽ መኳንንት ቆመው "የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ" አሉ። ተጨበጨበ።

"ጋሽ መኳንንት፣ እኛ ሰርዶው ነን በሬው?" አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። ከዚያ እሳቸው እንዳልሳቁ አየና ተወው። ከዚያ ቀን ወዲህ በማኅበሩ ስብሰባ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።


፲፩

ከዚያ የሆኑት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። እያንዳንዱን ለብቻው ብትወስዱት ለፖሊስ እንኳ አይነገርም።

ከደጇ ላይ ጣሳዋ ተነቀለ*። መልሳ ሰቀለችው፣ ተነቀለ።

ፀሐይ ላይ የዘቀዘቀችው ጋን ተሰብሮ ተገኘ። ልጆች ናቸው ተባለ።

አንድ ሰውዬ ከሷ ቤት ጠጥቶ ሆዱን ታመመ ተባለ። ማነው? ተብሎ ቢጠየቅ የሚያውቀው የለም። ቆይቶ ታመመ የተባለው ሞተ ተባለ፤ የሞተውንም የሚያውቀው የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሰው ግን ለቀመ። ደንበኞቿ አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። ከፊሎቹ እኔ ቤት መጡ፤ ቀዳሁላቸው። "እሷ ጋ ምነው ቀራችሁ?" ስላቸው ጣሳቸውን ያያሉ።

ደብሪቱ መሳደቧን ተወች። ሁለተኛ ጣሳ ለጠየቃት "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ጀመረች። ያንን የሰማሁ ዕለት ፈራሁላት።

* ጠላ መድረሱን መንገደኛ እንዲያውቅ በር ላይ በእንጨት ጫፍ የሚሰካ ቆርቆሮ ነው። ጣሳ ከሌለ ጠላ የለም። እናንተ ይህን ካላወቃችሁ ለመሆኑ ከየት ናችሁ?

(የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤው ነበር። ተመልሼ ጻፍኩት። በቀልድ ነው የጻፍኩት፣ እንዴት እንደሚጀምር እንድታዩት ይቀመጥ።)


፲፪

አራተኛውን ትርጉም ሁሉም ስላልተቀበለው፣ ማስታረቂያው እንዲህ ተጻፈ፦

"ተወላጅ ያልሆነ ጠማቂ ጠላ፣ በፌስቲቫሉ ዕለት በሕዝብ ፊት በተወላጅ ቀማሽ ተቀምሶ ከተመሰከረለት የአገር ተብሎ ይሸጣል። ቀማሽ ከታጣ ወይም ቀማሹ ካልቀመሰ ግን ጠማቂው ከማኅበሩ ይሰናበታል፣ ቤቱም ይዘጋል።"

መቅመስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሳላፊዋ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ጠብታ በመዳፏ አድርጋ ትቀምሳለች። በየፌስቲቫሉ "ውብ ባህላችን" እየተባለ ይታያል፤ ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው ያሳዩታል፣ ፈረንጅ ፎቶ ያነሳል። ለምን እንደተጀመረ ግን በማይክራፎን የሚናገር የለም። እኔ ልንገራችሁ። የተጀመረው አባቶቻችን እርስ በርስ መጠጥ ውስጥ መርዝ እየጨመሩ ይጠፋፉ ስለነበረ ነው።

"ማን ይቀምስላታል?" ተባለ።

ወለሉን ያላየ አልነበረም። ደብሪቱ ማንንም አላየችም፤ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ መልሳ ታስተካክላለች።

"እኔ" አልኩ።

ጋሽ መኳንንት ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ደግ" አሉ።


፲፫
የአገር ማለት (አምስተኛው ትርጉም)



ይህ ገና አልተጻፈም። ቦታውን የተውኩት ለዚህ ነው። ነገር ግን ከስብሰባው ስንወጣ ጋሽ መኳንንት ክንዴን ይዘው፣ በፍቅር፣ እንዲህ አሉኝ፦

"የአባትሽ እናት ከወዴት ነበሩ ጥሩዬ? ከማዶ ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል።"

"እዚህ ነው የተቀበሩት።"

"መቀበሩንስ ሁሉም ይቀበራል" አሉኝ።


፲፬

ትናንት ቀትር ላይ ቀብር ነበረ፤ የሰፈራችን አሮጌ ሰውዬ። እኔና ደብሪቱ አብረን ሄድን። ለዛሬ የሚሆነው ጋን ተመርጎ ቤቷ ውስጥ ነበር፣ በሩን ቆልፋለች።

ፍታቱ ሳያልቅ ያፌት መጥቶ ከጎኔ ቆመ።

ያፌት፦ እትዬ ጥሩዬ፣ ነገ ባይቀምሱ ይሻላል።

እኔ፦ ለምን?

ያፌት፦ እንዲሁ። ይሻላል።

እኔ፦ ምን የምታውቀው ነገር አለ?

ያፌት፦ ምንም አላውቅም። ስለምወድዎት ነው። ሲወራ የሰማሁት ነገር...

እኔ፦ ከማን?

ያፌት፦ ዝም አይነቅዝም እትዬ።

እኔ፦ አንተ ልጅ፣ ምንድነው የምትለኝ? ጋኑ ውስጥ ነገር አለ ነው የምትለኝ?

ያፌት፦ እኔ እንደሱ ብያለሁ? (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይማሩኝ እትዬ። በናትዎ ድምፅዎን ይቀንሱ።

ልጁ ላብ አጥምቆታል። በዓይኔ አጎቱን ፈለግኩ። ከወንዶቹ መሃል የሉም፣ ከካህናቱ ኋላ የሉም፣ ከዛፉ ሥር የሉም። ቀብር ቀርተው የማያውቁት ጋሽ መኳንንት ቀብር ቀርተዋል።

ደብሪቱን በሻርፗ ጎትቼ ይዣት ወጣሁ።


፲፭

በሩ እንደተቆለፈ ነው።

ጋኑ እንደተቀመጠ ነው።

ምርጊቱ ላይ ሦስት የጣት መስመር አለ።

"ያንቺ ነው?" አልኳት።

ደብሪቱ ጎንበስ ብላ አየችው። ጣቶቿን መስመሮቹ ውስጥ ከተተቻቸው። ገቡ።

"የኔ ነው" አለች። ቆየችና "መሰለኝ" አለች። ቆየችና "ጭቃው ትንሽ አልረጠበም?" አለች።

እኔም ጣቶቼን ከተትኩ። የኔም ገቡ። ጭቃ ነው፣ የማንንም ጣት ያስገባል።

ከፈትነው። አሸተትነው። ጌሾና የወይራ ጢስ ነው የሚሸተው፤ ደግሞም ምን ሊሸት ኖሯል? የጌሾ ምሬት የማይሸፍነው ነገር የለም።

"ድፊው" አልኳት።

"ደፍቼስ? ባዶ ጋን ይዤ ልሂድ? ራሷ የምታውቀውን ነገር ደፋችው ይሉኛል። ያን ጊዜ ሰውዬው መሞቱን ሁሉም ያምናል።" ጣሳውን አነሳች። "እኔው ልቅመሰው። የኔ ጠላ ነው።"

ጣሳውን መትቼ ከእጇ ጣልኩት። መሬቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም ቆመን አየነው። "ብትታመሚ የራሷ መርዝ ይሉሻል" አልኳት፣ "ባትታመሚ የሚያምንሽ የለም። የሚታመነው የኔ መቅመስ ነው።" እውነቴን ነበር። ግን እንዲህ ያለ እውነት ለወዳጅ አይነገርም፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ነው የማንነጋገረው።

ለዶሮ ስጧት ትሉኛላችሁ። ሰጠናት። ጠጣች፣ ተንገዳገደች፣ ግድግዳ ሥር ሄዳ ተኛች። ዛሬ ጠዋት ጋሪው መጥቶ መልሰን የመረግነውን ጋን ስንጭን እዚያው ነበረች። ደብሪቱ "ትተነፍሳለች" ብላ በእጇ ምልክት አሳየችኝ። ሄጄ ነካኋት፤ ትሞቃለች። ግን ፀሐይ ወጥቶባት ነበር። ባለጋሪው ይጮህብን ስለነበረ ቆሜ አላረጋገጥኩም። ወይም ማረጋገጡን ፈርቼ ይሆናል።


፲፮

ስጽፍ አይታችሁኛልና ድናለች ብላችኋል፣ ወይም አልቀመሰችም ብላችኋል። አትቸኩሉ። ገና ነው። አሁን ማይክራፎኑ የአረቄ ጠማቂዎቹን እየጠራ ነው፤ ከነሱ ቀጥሎ ደብሪቱ ናት።

ጥቂት ጊዜ አለኝ፣ እናስብ።

ምናልባት ጋኑ ውስጥ ምንም የለም። እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የማብሰለስለው ይህንን ነው። ምናልባት ጋሽ መኳንንት የቀበሌ ስብሰባ ኖሮባቸው ነው ቀብሩን የቀሩት፤ ምናልባት ጉንፋን ይዟቸው ነው። ምናልባት ያፌትን "ሂድና እንዲህ በላት" ብለው የላኩት ራሳቸው ናቸው። ካልቀመስኩ ደብሪቱ በሕዝብ ፊት መርዘኛ ትሆናለች፤ ቤቷ ይዘጋል፣ ከተማዋን ለቃ ትሄዳለች፣ ማንም ጣቱን ሳያነሳ። እንዲህ ከሆነ መርዙ የፈሰሰው ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ጋኑማ ንጹሕ ነው።

ምናልባት ደግሞ ያፌት እውነቱን ነው። ልጁ ላብ አጥምቆት ነበር። እንደዚያ አድርጎ የሚያስመስል ልጅ አይደለም፤ ቢራውን እንኳ ሲያሻሽጥ ይቀላል።

ልጄ እርጉዝ ናት። የገንፎዋን ማር ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እሱም ሚዛን ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ነው።

እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። 


፲፯

ተጠራን።

አሁን መድረኩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። የምስክርነቱን ቃል የማሰናዳ መስሏቸው ማንም አልከለከለኝም። እንዲያውም አንዱ መደገፊያ ሳንቃ አቀብሎኛል።

ሕዝቡ ብዙ ነው። ጋሽ መኳንንት ከፊት ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው ጽድት ያለ ነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። እንደ ሁልጊዜው ደግ ሽማግሌ ይመስላሉ። ፊታቸውን ባነብ ብዬ ነበር፣ የሚነበብ ነገር የለውም። ያፌት በርሜሎቹ አጠገብ ነው፤ ጫማውን ያያል።

ደብሪቱ ምርጊቱን አንስታ በጣሳ ቀዳች። የጌሾው ሽታ እስከዚህ ይመጣል። ጠላው ጥቁር ነው፣ አረፋው ጥሩ ነው። መርዝ ቢኖረውም ባይኖረውም ጥሩ ጠላ ነው፤ እኔ እንዲህ ጠምቄ አላውቅም።

ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

"ባትቀምሽም አልቀየምሽም" አለችኝ።

ውሸቷን ነው። እኔም ውሸቷን እንደሆነ እንደማውቅ ታውቃለች፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፣ ጣሳውን ግን አጥብቃ ይዛዋለች።

በማይክራፎኑ "ቀማሽ መዳፍዎን ይዘርጉ" ተባለ።

ቀኝ እጅ ነው የሚዘረጋው። በግራ መቅመስ ነውር ነው፤ በግራ የቀመሰች አልቀመሰችም። የምጽፈውም በዚሁ በቀኝ እጄ ነው፤ ሁለቱን ባንዴ ማድረግ አልችልም። ስለዚህ እስክሪብቶውን አስቀምጬ


፲፰